የአቼ ከረጢት

ኬኒዋ ደሴት፣ ኦገስት 12 ቀን 1969

ለተከበሩ ሴኞሪታ ፊሎሜና፣

ዳሌዎ እንዴት ሰነበተ? እማማ «መጀመሪያ ዳሌዋን ጠይቅ፣ ስለ ራስህ ኋላ ታወራለህ» ስላለችኝ ነው በዳሌ የጀመርኩት፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መልስ በማዘግየቴም ይቅርታ። የፖስታዋ ጀልባ ሁለት ረቡዕ በነፋስ ምክንያት አልመጣችም፤ በሦስተኛው ስትመጣ ደግሞ እኔ አልጻፍኩም ነበር።

እኛ ደህና ነን። ደህና የምለው እርስዎ በሚያውቁት ልክ ነው። እህቴ ቴንቻ ካረፈች ነገ ሦስት ወር ይሞላታል። እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ዝናቡም አያቋርጥም። እርስዎ የላኩትን የማጽናኛ ደብዳቤ ለእማማና ለአባባ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። አባባ ከዚያ በኋላ ተቀብሎኝ በኪሱ ከተተው። ማንበብ እንደማይችል ያውቃሉ፤ ግን እስካሁን ኪሱ ውስጥ ነው።

ልጆቹ እንዴት ይዘውሃል ላሉኝ፦ ዘጠኙም አሉ፣ አንድም አልቀረም። ጠዋት ዶን አቤሊኖ ዘንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ከምሳ በኋላ የእርስዎን ክፍል ከፍቼ ስገባ አስተማሪ እሆናለሁ። ሱሪዬ ግን ያው ነው። በመጀመሪያው ቀን እህቴ ዶሚ ጉልበቴ ላይ ያለውን ቀዳዳ አየችና ከኋላ ወንበር ጮኸች፦

«ሴኞሪታ ባልዶ! ጉልበትህ እያየን ነው!»

«ሴኞሪታ አትበይኝ፤ ሴት አይደለሁም» አልኳት።

«ታዲያ አስተማሪ ምን ይባላል?»

አሁን ዘጠኙም ሴኞሪታ ባልዶ ነው የሚሉኝ። ኡምቤርቶማ፣ ማለት ቤቶ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆቡን ያወልቅልኛል።

የማስተምረው ቴንቻ እርስዎን ስታግዝ ታስተምርበት በነበረው የሻይ ቆርቆሮ ነው። ትንንሾቹን ከረጢቶች ያስታውሷቸዋል፣ ለእያንዳንዱ የስፔንኛ ፊደላችን አንድ። ለኤሜ የፖም ፍሬ፣ ለኤፌ የክብሪት እንጨት፣ ለሆታ ቁራጭ ሳሙና። ልጆቹ ሳያዩ እጃቸውን ከተው ይዳስሳሉ፤ የዳሰሱትን ስም ይጠራሉ፤ ከስሙ የመጀመሪያውን ድምፅ ይነጥላሉ፤ ከዚያ ፊደሉን በጣታቸው አየር ላይ ይጽፋሉ። እሷ እንደምታደርገው ነው የማደርገው። ሳሙናውን ኤልባ ልሳዋለች።

የት ደረስክ ላሉኝም፦ ሆታ ላይ ነን። አቼ የምትባለዋን ፊደል ዘለን ኋላ እንመለስባታለን። ከረጢቷን ስከፍት ባዶ ሆና አገኘኋት፤ ቴንቻ ሳትሞላት የቀረች ይመስለኛል።

አባባ የመቃብሩን መስቀል ጨርሶ ተክሎታል። ከሲፕሬስ እንጨት ነው። ጀልባ እንደሚሠራው አድርጎ ነው የሠራው፤ አንድ ሚስማር የለበትም፣ ሁሉም በእንጨት ችካል የተያያዘ ነው። ስሟንም በመሮ ራሱ ቀርጾታል። ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ስለ መስቀሉ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

አክባሪዎ
ባልዶሜሮ ፓያካር


ፖርቶ ሞንት፣ ኦገስት 27 ቀን 1969

ልጄ ባልዶሜሮ፣

ለእናትህ ንገራት፦ ዳሌዬ ከእኔ የተሻለ ታዛዥ ነው፤ ሐኪሙ ተኛ ሲለው ይተኛል። ያዳለጠኝን የወደቡን ደረጃ አሁንም አልረሳሁለትም።

ደብዳቤህን በቀይ እርሳስ አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሃለሁ። አራት ስህተት አለው። እባክህ አትቀየመኝ። የሠላሳ አንድ ዓመት ልማዴን በአንድ ዳሌ ምክንያት አልተውም። «ሴኞሪታ ባልዶ» ግን አልጋዬ ላይ አስቆኝ አስቆኝ፣ ጎኔ የተኙት ሴትዮ ነርስ ሊጠሩብኝ ነበር።

አሁን ወደ ከረጢቷ። ቴንቻ ሳትሞላት አልቀረችም። በየዓመቱ ባዶዋን ነበር የምታዞረው። እያንዳንዱ ልጅ እጁን ይከታል፣ ምንም የለም። ጆሮው ላይ ያስጠጋል፣ ምንም የለም። «ምን ሰማችሁ?» ትላቸዋለች። «ምንም!» ይላሉ። «እሷ ናት አቼ» ትላቸዋለች። «አለች፣ ቦታዋን ይዛ ቆማለች፣ ግን አትናገርም። ስንጽፍ እናስቀምጣታለን፣ ስናነብ ዝም ብለን እናልፋታለን።» እኔ በሠላሳ ዓመት ገደማ ያላሰብኩትን እህትህ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አሰበችው። ቀናሁባት፤ አሞገስኳትም። ማሞገሴን ነግሬያት እንደሆነ ዛሬ አላስታውስም።

እንግዲህ ከረጢቷ ዝግጁ ናት። ለምን ዘለልካት?

አንድ ነገር ልጨምር። ስለ መስቀሉ አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ «ሌላ የምጽፈው የለኝም» የሚል ልጅ፣ የሚጽፈው አለው። እዚህ ከጣሪያው ሌላ የማነበው የለኝምና ጻፍልኝ።

ፊሎሜና ባራዎና


ኬኒዋ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1969

ለተከበሩ ሴኞሪታ ፊሎሜና፣

ስህተቶቼን አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ። ሦስተኛው የብዕሩ ቀለም ነው እንጂ ስህተት አልነበረም፤ ግን ይሁን።

እውነትዎን ነው፤ የደበቅኩት ነገር አለ። ልጽፈው ሁለት ጊዜ ጀምሬ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ቴንቻን በቀበርን በአራተኛው ቀን አባባ እንጨቱን ልጎ ጨርሶ ወደ አልጋዬ መጣ። ልብሱ ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ነበር። «ባልዶ፣ ስሟን ወረቀት ላይ ጻፍልኝና እያየሁ ልቅረጸው» አለኝ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። «ተወኝ» አልኩት። ከተወለድኩ አባባን ተወኝ ብዬው አላውቅም። ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ እማማ ናት። አባባ ዶሚን ምድጃው አጠገብ አስቀምጦ «አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ፣ አይደል?» አላት።

«ከነኤልባ ሁሉ እበልጣለሁ» አለችው።

«የእህትሽን ሙሉ ስም ትጽፊያለሽ?»

«ቴንቻን?»

«ረጅሙን። ኦርቴንሲያን።»

ዶሚ ከሰል አንስታ ሳንቃው ላይ ተንበረከከች። ዓይኗን ጨፍና ስሙን ቀስ አድርጋ አለችው፤ ቴንቻ እንዳስተማረቻት። «ኦ... ኦ... ክብ ናት አባባ፣ ክብ ሥራ። ቀጥሎ ኤሬ፣ የምትንቀጠቀጠዋ። ቀጥሎ ቴ፣ እንደ መስቀሉ የቆመችው።» እንዲህ እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው ደረሰች። እሷ ስትጽፍ አባባ ከኋላ ከኋላዋ በመሮ ይከተላት ነበር። ማታ ላይ አለቀ። የሰማችውን ድምፅ በሙሉ ጽፋለች፤ አንድም አልሳተችም። የማይሰማ ፊደል እንዳለ ግን ቴንቻ ገና አልነገረቻትም ነበር።

ከአልጋ ተነስቼ መስቀሉን ያየሁት ከተተከለ በኋላ ነው። ስሟ ከክቧ ኦ ይጀምራል። ከፊቷ መኖር የነበረባት አቼ የለችም።

ዶሚ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰው እጁን ይዛ ወደ መቃብሩ ትወስዳለች። «ይህን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አባባ ደግሞ ቆፈረው» ትላለች። በሦስት ወር ውስጥ ካየኋት ሁሉ ደስ ብሏት የማያት ያን ጊዜ ነው። እዚህ ከሚያዩት ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ናቸው፤ የቆጠሩትም እስካሁን ዝም ብለዋል።

ስለዚህ ነው አቼን የዘለልኳት። ባስተምራት ዶሚ በዚያው ቀን ትደርስበታለች፤ ያውቋታል፣ ከእሷ የሚያመልጥ ነገር የለም። የእህቷን ስም አጉድላ እንደጻፈች ታውቃለች። ካላስተማርኳት ደግሞ ኖቬምበር ሁለት፣ የሙታን ቀን፣ ደሴቱ ሁሉ መቃብር ይወጣል፤ የአክስቴ ልጆችም ከማዶ ይመጣሉ። አፋቸው አያርፍም።

ወረቀቱን እኔ ጽፌ ብሰጠው ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። ለአባባ ይቅርታ አልጠየቅኩትም። በየቀኑ ልጠይቀው እላለሁ፣ እሱ ስለ ድንች ያወራኛል፣ እኔም ስለ ድንች እመልስለታለሁ።

ምን ላድርግ? ከሃያ ምናምን ፊደል አንዷ ብትቀር፣ ያውም ድምፅ የሌላት፣ ምን ይጎዳል?

ባልዶሜሮ


ፖርቶ ሞንት፣ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1969

ልጄ ባልዶሜሮ፣

ወደ ግድግዳ የዞረ ሰው አንተ የመጀመሪያው አይደለህም። እኔም በዚያው ሰሞን ደብዳቤህ እስኪደርሰኝ ድረስ ወደ ግድግዳ ዞሬ ነበር የተኛሁት፤ ለዳሌዬ ነው እያልኩ።

ምን እንደምታደርግ አላዝህም። የማውቀውን ብቻ እጽፍልሃለሁ።

ዶሚቲላ አልተሳሳተችም። የሰማችውን ጻፈች፤ ያስተማርናትም ይህንኑ ነው። የቀረውን ያልነገርናት እኛ ነን። አቼን ወደ ዓመቱ አጋማሽ የምገፋት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ስህተቱን በሦስት ከፍለህ ለቴንቻም ለእኔም ድርሻችንን ስጠን። ሁሉን ለብቻህ አትውሰድ፤ ይህም ስስት ነው።

ሁለተኛ፣ አቼን አንድ ቀን ማወቋ አይቀርም። የአክስትህ ልጅ መቃብሩ ላይ ጣቱን ቀስሮ ሲስቅ ከምታውቅ፣ ወንድሟ ጉልበቱ በተቀደደ ሱሪ ሰሌዳ አጠገብ ቆሞ ቢነግራት ይሻላል።

ሦስተኛ የሙያ ነገር ነው። ትንሿ አቼ ወንበር ናት፤ የጀርባውን መደገፊያ ከላይ ወደ ታች አስጽፋቸው፣ ከዚያ እጃቸውን ሳያነሱ መቀመጫውን። ትልቋ አቼ የአጥር በር ናት፣ ሁለት ምሰሶና አንድ አግዳሚ። የቴንቻን ስም ሰሌዳ ላይ አትጻፍ። ልጅ ራሱ የደረሰበት ነገር ያመዋል፣ ግን የራሱ ነው።

ሁለት ስህተት ብቻ። እየተሻሻልክ ነው።

ፊሎሜና ባራዎና


ኬኒዋ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1969

ለተከበሩ ሴኞሪታ ፊሎሜና፣

የፖስታዋ ጀልባ ሰዎች እንደነገሩን በክራንች መቆም በመጀመርዎ ሁላችንም ተደስተናል። እማማ በክር የተሰካ የደረቀ ዛጎል ልካለች፤ ሽታው ሆስፒታሉን ቢያስቸግር ይቅርታ። አስቸጋሪ ነው ብያት ነበር።

አዎ፣ አቼን አስተማርኩ። ባለፈው ማክሰኞ። ይኸው እንዴት እንደነበር።

ከረጢቷን መጀመሪያ ለቤቶ ሰጠሁት። እጁን እስከ ክርኑ ሊከት ሞከረ።

«ባዶ ናት!» አለ።

«ጆሮህ ላይ አድርጋት።»

«ምንም የለም። ሴኞሪታ ባልዶ፣ አይጥ በልታዋለች።»

«ሳሙናውን የበላችው አይጥ ናት!» አለ ሌላው፣ ኤልባን እያየ። ኤልባ አለቀሰች፤ አባበልኳት። ከረጢቷ ዘጠኙንም አዳረሰች። ዶሚ ጋ ስትደርስ አልዳሰሰቻትም። ጆሮዋ ላይ ይዛ ረጅም ጊዜ ቆየች።

«ምን ሰማችሁ?» አልኩ።

«ምንም!»

«እሷ ናት አቼ» አልኳቸው። የቀረውንም ልክ እንደጻፉልኝ አልኩት።

ወንበሮቹን ጻፉ። የቤቶ ወንበር ከባድ ሰው የተቀመጠበት ይመስላል። በስፔንኛ ክርና እንቁላል፣ ሰውና በረዶ በአቼ እንደሚጻፉ ነገርኳቸው። ከዚያ ለቤቶ «ያንተም ስም ኡምቤርቶ ሲጻፍ ከፊቱ አቼ አለ» ስለው ደነገጠ።

«ከእኔ ስም ፊት? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድክ ጀምሮ።»

የምትከተለው መስሎት ወደ ኋላው ዞሮ አየ። እውነቴን ነው ሴኞሪታ፣ ዞሮ አየ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ዶሚ ብቻ አልሳቀችም። እጇን አወጣች፤ እጅ አውጥታ አታውቅም።

«እህት የሚለው ቃልስ? የቴንቻስ ረጅሙ ስም?»

«ሁለቱም ከፊታቸው አቼ አላቸው» አልኳት።

የስሙን ፊደሎች በከንፈሯ ስትቆጥር አየኋት። ደወሉ ሲደወል ደብተሯን ጥላ በዝናቡ ሮጠች። ተከተልኳት፣ ግን ወደ መቃብሩ አልነበረም የሄደችው። ወደ አባባ የጀልባ መሥሪያ ገባች። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ሰማሁ።

«አባባ» አለችው «አንድ ረሳን።»

«ምን ረሳን?»

«ፊደል። ከቴንቻ ስም። አትሰማም፣ ስለዚህ አልሰማኋትም። ግን አለች።»

መሮው ሲቆም ሰማሁ።

«የት ላይ ናት?» አለ አባባ።

«ከሁሉ ፊት። ከክቧ በፊት።»

«ከፊት ቦታ የለንማ» አለ፣ የአንድ ጀልባ ሳንቃ አጠረኝ እንደሚል ሰው። «ምን ትመስላለች?»

«የአጥር በር። ወይም ወንበር። ትልቋ ናት የምትሆነው፣ ስለዚህ በር።»

«በር ከሆነ እንሠራዋለን» አለ። «ነይ፣ ሥዪልኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እሱም አላባበላትም፤ ከሰሉን አቀበላትና ጠበቃት።

እኔ ገባሁ። «አባባ፣ ያኔ ወረቀቱን ብለኸኝ...» አልኩ። አባባ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ ጠረበው፣ ሳያስፈልገው። «እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይዞራል» አለኝ። «ካወቅክበት ግን አትጥለውም፤ ክብደት ትጭንበትና ትተወዋለህ። በል ያንን ጫፍ ያዝልኝ።» ያዝኩለት።

ስለ ድንች ሳናወራ ስንውል የመጀመሪያችን ነው።

ባልዶሜሮ


ኬኒዋ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 1969

ለተከበሩ ሴኞሪታ ፊሎሜና፣

ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ፦ የአክስቴ ልጆች ምንም አላሉም። ዕድል አላገኙም። ዶሚ ከጀልባ ሳይወርዱ ወደቡ ላይ ጠብቃ «የእህቴን ስም ስጽፍ አንድ ፊደል ረስቼ ነበር፣ አሁን ግን ሠርተነዋል፣ ኑ ላሳያችሁ» አለቻቸው። ትልቁ የአክስቴ ልጅ «እኔም ሁልጊዜ እረሳታለሁ» አላት። ስለዚህ ልጅ አፍ ያልኩትን ይሰርዙልኝ።

የሠራነው እንዲህ ነው። በመስቀሉ ክንድ ላይ ከክቧ ኦ በፊት የስንዝር ቦታ እንኳን አልነበረም። ስለዚህ አባባ ከዚያው ሲፕሬስ ቁራጭ አውጥቶ አቼን ቀረጸባትና በግራው ክንድ ጫፍ ላይ ገጠማት፤ የጀልባ ሳንቃ እንደሚጋጠመው፣ በሁለት ችካል። አንዱን ችካል የመታችው ዶሚ ናት። ሌላውን እኔ። መጋጠሚያው በጣት ሲዳሰስ ብቻ ነው የሚታወቀው።

አሁን የመስቀሉ አንድ ክንድ ከሌላው ይረዝማል። የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ዶን ሩፔርቶ ጸሎቱን ሊመሩ ሲመጡ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዩት።

«ኦኖፍሬ» አሉ «መስቀልህ ግራ እጁ ረዝሟል።»

«ልጄ ግራኝ ነበረች» አለ አባባ።

እማማ ሳቀች። ከሜይ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር፤ ሳቋ እንደዚያው ነው፣ አልተለወጠም። ከዚያ መቃብሩ ላይ ቁጭ ብለን የድንች ቂጣችንን፣ ሚልካዎን፣ በላን፤ ዶሚ የራሷን ድርሻ ቴንቻ ጋ ቆርሳ አስቀመጠችና ትንሽ ቆይታ መልሳ በላችው።

የክፍሉ ነገር ግን ከእጄ ወጥቷል። ዘጠኙም የባሕሩን ዳርቻ እየዞሩ በጀልባዎቹ ላይ የጠፉ አቼዎችን ያድናሉ። አባባ ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ሰው ጽፎ የሰጠውን እያየ ስም የጻፈባቸው ሦስት ጀልባዎች አቼ ጎድሏቸው ተገኙ። ቤቶ እየሮጠ ሲነግረው አባባ «ጀልባ ያለ ወንበርም ይሄዳል» አለው። በማግስቱ ግን የቀለም ቆርቆሮ ይዞ ሲወርድ አየሁት።

አሁን የመጨረሻው ነገር። ትናንት ከሥራ በኋላ አባባ እጁን ታጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና «ባልዶ፣ የእኔን ስም ጻፍልኝ፣ ልልመደው» አለኝ። ወዲያው ጻፍኩለት፣ በትልልቁ። ኦኖፍሬ። ጣቱን ክቧ ላይ አደረገ።

«አቼዋስ?»

«ያንተ የለውም አባባ። በኦ ነው የሚጀምረው።»

«የእሷም በኦ ይጀምራል ብለን አልነበር?»

«የእሷ ሌላ ነው። ያንተ በቃ የለውም።»

አሰበበት። ጺሙን አከከ።

«ድምፅ የላትም አላላችሁም?»

«የላትም።»

«ታዲያ ብትቆም ማንን ትረብሻለች? ከፊቴ ትቁምልኝ።»

ዶሚ ልታርመው አፏን ከፈተች። ከዚያ እኔን አየችኝና ዘጋችው። ይህንን ማንም አላስተማራትም።

ይህ ደብዳቤ ከእሱም ጭምር ነውና ከታች ፈርሟል። ግማሽ ሰዓት ፈጀበት፤ ምላሱንም ነክሶ ነበር። የቀረውን ደብዳቤ እንደፈለጉ ያቅሉት፤ የፊርማውን አቼ ግን እባክዎ ይተዉልኝ።

ባልዶሜሮ ፓያካር

እና ከዚህ በታች፣ በራሱ እጅ፣ ከፊቱ የአጥር በር አስቀድሞ፦
ኦኖፍሬ ፓያካር


ፖርቶ ሞንት፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1969

ልጄ ባልዶሜሮ፣

ሐኪሙ ለማርች መጀመሪያ ደሴቱ ላይ እንደምቆም ቃል ገብቶልኛል፤ በከዘራ። ስለዚህ ካስትሮ ከተማ ገብተህ ትምህርትህን ትቀጥላለህ፤ ለዶን አቤሊኖ ጽፌለታለሁ፤ ክርክር አልቀበልም። የሻይ ቆርቆሮውን ጠረጴዛዬ ላይ ተውልኝ። አቼን ከእንግዲህ ወደ ዓመቱ አጋማሽ አልገፋትም፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ከአናባቢዎቹ ቀጥላ ትገባለች። የምታስተምራቸውም ዶሚቲላ ናት፤ እኔ ከረጢቷን አቀብላለሁ።

ደብዳቤህ አንድ ስህተት ብቻ ነበረው፤ እሱም ነጠላ ሰረዝ ነው። ከዚያ ፊርማው ጋ ደረስኩ። ቀዩን እርሳስ አነሳሁ። አስቀመጥኩት። ጎኔ ያሉት ሴትዮ «ምን አገኘሽ?» አሉኝ። «ምንም» አልኳቸው፤ እውነቴን ነበር።

ይህን ፖስታ ለአባትህ ነው የላክሁት፣ በውስጡ ያለው ላንተ ቢሆንም። በሕይወቱ በስሙ ደብዳቤ ደርሶት ስለማያውቅ ራሱ ወርዶ ከጀልባዋ ይቀበል። ስሙን ልክ እሱ እንደሚጽፈው ጽፌዋለሁ። ፖስተኛው «ይህ ስም በአቼ አይጻፍም» ቢላችሁ፣ «ይጻፋል፤ ሴኞሪታ ፊሎሜና አይታዋለች» በሉት።

ፊሎሜና ባራዎና